ለሀይብሪድ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ በነዳጅ ይመለሳል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአዳማ ከተማ ነዋሪ ስሆን በመድኃኒት መደብር ሥራ እተዳደራለሁ። ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ወደ መደብሬ እሄዳለሁ፤ ቀን ደግሞ በከተማው ውስጥ እመላለሳለሁ። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን በአማካይ 35 ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ። በወር ሁለት ጊዜ ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ። አሁን ያለችኝን አሮጌ መኪና ሸጬ ሌላ ለመግዛት ሳፈላልግ ሁለት ያገለገሉ ቶዮታ ያሪሶች ቀረቡልኝ። ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው፤ አንደኛዋ በቤንዚን ብቻ የምትሠራ ስትሆን ሁለተኛዋ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሠራ ሀይብሪድ ናት። የሀይብሪዷ ዋጋ በ450,000 ብር ይበልጣል። ደላላው «ልዩነቱን በሁለት ዓመት ከነዳጅ ታወጪዋለሽ» ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ «ባትሪው የሞተ ዕለት መኪናዋም አብራ ትሞታለች፤ እንዳትነኪያት» ይላል። የማንን ምክር ልስማ?
ት. አ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወይዘሮ ት. አ.፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቱን ከዚያ ላስከትል። በነገሩን አነዳድና በተጠየቁት ዋጋ ሀይብሪዷ አታዋጣዎትም። ይህን ስል ግን ወንድምዎ ባነሱት ምክንያት አይደለም። ደላላውም ወንድምዎም ስለ መኪናዋ ተናገሩ እንጂ እርስዎ በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚነዱ አልጠየቁም፤ ነገሩን የሚወስነው ደግሞ በዋናነት ይኸው ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። በቀን 35 ኪሎ ሜትር በወር ለ26 ቀናት ሲነዱ 910 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዳማ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሁለቱ ጉዞዎች 400 ኪሎ ሜትር ይጨምራሉ። በዓመት ሲታሰብ በከተማ ውስጥ 10,920፣ በፈጣኑ መንገድ ደግሞ 4,800 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ ማለት ነው። እኔ በአዳማ ውስጥ ደጋግሜ እንደለካሁት የዚህ ዓይነት ትንሽ የቤንዚን መኪና በከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር አካባቢ ስትፈጅ ሀይብሪዷ በ5 ሊትር ትጨርሰዋለች። በፈጣኑ መንገድ ላይ ልዩነቱ ጠብቦ 6.5 በ5.5፣ ማለትም አንድ ሊትር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በዓመት ከከተማው 328 ሊትር፣ ከመንገዱ ደግሞ 48 ሊትር፣ በድምሩ 376 ሊትር ያህል ይቆጥባሉ። ለስሌት እንዲያመች ቤንዚኑን በሊትር 130 ብር ብናደርገው በዓመት 49,000 ብር ገደማ ነው። አራት መቶ ሃምሳ ሺህ ብር በዚህ ፍጥነት የሚመለሰው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ ያገለገለች መኪና ከገዙ በኋላ ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ ደግሞ ረጅም ጊዜ ነው።

የከተማውና የመንገዱ ቁጠባ እንዲህ የተራራቀበትን ምክንያት ማወቁ ለውሳኔዎ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበው ከመጀመሪያው ፕሪየስ ጀምሮ የቶዮታ ሀይብሪዶች አሠራር በመሠረቱ አንድ ነው። መኪናዋ ከቤንዚን ሞተሯ ሌላ የኤሌክትሪክ ሞተር አላት፤ ፍሬን ሲይዙ ይህ ሞተር ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና ድሮ የፍሬን ሸራውን አግሎ ይጠፋ የነበረውን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ከፍራንኮ ወደ ፖስታ ቤት በሥራ መውጫ ሰዓት ሲጓዙ በባጃጅ መካከል እየቆሙና እየተነሡ የሚያልፉበትን ሁኔታ ያስቡ። በቆሙ ቁጥር የቤንዚን ሞተሩ ይጠፋል፣ ሲነሡ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ይገፋዎታል፣ ፍሬን ሲይዙ ደግሞ ከፊሉ ይመለስልዎታል። ፈጣኑ መንገድ ላይ ግን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ወጥ በሆነ ፍጥነት ሲነዱ ፍሬን የሚይዙበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ጉልበቱን የሚበላው ነፋሱን መሰንጠቁ ሲሆን ይህንንም ሥራ የሚችለው የቤንዚን ሞተሩ ነው።

በዚህ ላይ የእኛ መንገድ ዳገት ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2020 የተሠሩት የያሪስ ሀይብሪዶች ባትሪ የሚይዘው ጉልበት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ የቤትዎን የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ለሩብ ሰዓት ያህል ቢያሠራ ነው። ይህ ሁሉ ጉልበት አንድም ሳይባክን ቢገኝ እንኳ መኪናዋን ያን ያህል ከፍታ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ግማሹን አይሸፍንም። ሲመለሱ ደግሞ ተቃራኒውን ያያሉ። ቁልቁለቱ ረዘም ያለ እንደሆነ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት ቶሎ ይሞላል፤ ማርሹን ለቁልቁለት ወደተሠራው «ቢ» ካወረዱት ነዳጅ ሳይረግጡ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማል። ይህ ብልሽት አይደለም። ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ ስላጣ የተረፈውን ጉልበት ሞተሩን እያዞረ ያጠፋዋል፤ ከዳገቱ ላይ ያወጡት ነዳጅ ሁሉ በቁልቁለቱ እንደማይመለስም የሚያሳየው ይኸው ነው።

«ነዳጅ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ እንግዲህ ቁጠባውም ያድጋል» የሚል ሐሳብ ሊመጣልዎት ይችላል፤ ተገቢ ሐሳብም ነው። ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት በጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው ቤንዚን በጥር 2017 ዓ.ም. 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደርሷል። ሆኖም ነገ ጠዋት ሊትሩ 200 ብር ቢገባ እንኳ የእርስዎ ዓመታዊ ቁጠባ 75,000 ብር ያህል ነው፤ ልዩነቱን ለመመለስም ስድስት ዓመት ይወስዳል። በሌላ በኩል 450,000 ብሩን በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢያስቀምጡት በዓመት 31,500 ብር ይወልድልዎታል። ስለዚህ ከሀይብሪዷ የሚያገኙት እውነተኛ ጥቅም 49,000 ብር ሳይሆን ከዚያ ላይ ይህን ቀንሰው የሚቀረው 17,500 ብር ገደማ ነው። ገንዘቡን ለመደብርዎ መድኃኒት ቢገዙበትማ ምን ያህል እንደሚያስገኝልዎት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

በተቃራኒው ወገን ያለውንም መናገር ይገባኛል። የዋጋው ልዩነት መኪናዋን ሲሸጡ በከፊል ይመለሳል፤ ስለዚህ ሙሉውን 450,000 ብር እንደጠፋ መቁጠር ትክክል አይሆንም። የሚመለሰው ግን የባትሪው ጤንነት በታወቀ መጠን ነው፤ ያረጀ ሀይብሪድ ለመግዛት የሚመጣ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ባትሪው ስለሆነ ዓመታት በጨመሩ ቁጥር ይህ ልዩነት እየሳሳ ይሄዳል። ሀይብሪዷ ሌላም ጥቅም አላት። ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖና ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ለብቻቸው የሉባትም፣ ፍሪሲዮን የላትም፣ የፍሬን ሸራዋም ከሌሎች መኪኖች በጣም ረዝሞ ያገለግላል። እነዚህ በየጋራዡ የሚከፈሉ ወጪዎች ናቸውና ቀላል አይደሉም። በአንጻሩ ኤሌክትሪኩን የሚለዋውጠው ኢንቨርተር የተበላሸ እንደሆነ ለዓመታት የቆጠቡትን በአንድ ቀን ሊወስድ ይችላል።

የወንድምዎ ስጋት ግን ከመጠን ያለፈ ነው። እነዚህ ባትሪዎች በአንድ ሌሊት የሚሞቱ አይደሉም። ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ለሀይብሪድ ባትሪ ለረጅም ጊዜ የ8 ዓመት ወይም የ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ሲሰጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ወደ 10 ዓመትና 240,000 ኪሎ ሜትር ከፍ አድርጎታል፤ አንድ ፋብሪካ ደግሞ ቶሎ ለሚበላሽ ነገር እንዲህ ያለ ዋስትና አይሰጥም። ያ ዋስትና ባሕር ተሻግሮ ለእኛ አይደርስም እንጂ ስለ ዕቃው ጥንካሬ የሚናገረው አለ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ሻጩ ልዩነቱን ወደ 200,000 ብር ካወረደልዎትና ባትሪው ተመርምሮ ጤነኛ ከሆነ ሀይብሪዷን ይውሰዷት፤ ገንዘብዎ በአራት ዓመት ገደማ ይመለሳል፣ በማደያ ሰልፍ ላይ የሚቆሙበት ጊዜም ይቀንሳል። ካላወረደ የቤንዚኗን ይግዙ። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ስለከለከለ ለእርስዎ ዓይነት ነጂ፣ በቀን 35 ኪሎ ሜትር ነድቶ ማታ በግቢው ለሚያሳድር ሰው፣ ከቤንዚኗ ጎን መቀመጥ ያለባት ከሀይብሪዷ ይልቅ የኤሌክትሪክ መኪናዋ ናት። ግቢዎ ውስጥ አስተማማኝ መስመር ካለዎት ከመወሰንዎ በፊት የእርሷንም ዋጋ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንድ ዘመዴ ጀርባዋ ላይ «ሀይብሪድ» የሚል ጽሑፍ ያለባት ሱዙኪ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። የቤንዚን ሞተሯ ሳይነሣ መንቀሳቀስ አትችልም። ይህም ሀይብሪድ ይባላል? ለዚህስ ተጨማሪ መክፈል ይገባኛል?
መምህር፣ ከአዳማ

መልስ፦ ይባላል፤ ቀላል ሀይብሪድ ነው። እነዚህ መኪኖች ሞተሩን የሚያስነሣና በጥቂቱ የሚያግዝ አነስተኛ ሞተር ጄኔሬተር አላቸው እንጂ በኤሌክትሪክ ብቻ ጎማ የሚያዞር ጉልበት የላቸውም። ሲቆሙ ሞተሩን ማጥፋታቸውና ሲነሡ ማገዛቸው ትንሽ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ከላይ ለወይዘሮዋ ከጠቀስኩት የሦስት ሊትር ልዩነት ጋር ግን የሚወዳደር አይደለም። መኪናዋ በሌላው ነገሯ ደስ ካሰኘችዎት ይግዟት፤ ለጽሑፉ ሲሉ ግን ጭማሪ አይክፈሉ። ለመለየት ቀላሉ መንገድ እርስዎ ያደረጉት ነው፦ ሞተሩ ሳይነሣ በዝግታ ወደፊት መሄድ ከቻለች ሙሉ ሀይብሪድ ናት።

ጥያቄ፦ በአዳማ ከተማ በኮንትራት የምሠራ አሽከርካሪ ነኝ። በቀን ከ150 ኪሎ ሜትር አላንስም፤ አብዛኛውም በከተማ ውስጥ ነው። ቤንዚኑ ገቢዬን እየበላብኝ ስለሆነ አሮጌ ፕሪየስ ልገዛ አስቤያለሁ። ከምፈልጋት የቤንዚን መኪና በ450,000 ብር ትበልጣለች። የምፈራው ባትሪውን ነው። ምን ምን ልይ?
ሸ. መ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ አቶ ሸ. መ.፣ የዋጋው ልዩነት ከወይዘሮ ት. አ. ጋር አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ የተለየ ይሆናል። እርስዎ በወር 26 ቀን ቢሠሩ በዓመት 46,800 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። በየ100 ኪሎ ሜትሩ 3 ሊትር ሲተርፍልዎት 1,404 ሊትር፣ በ130 ብር ሂሳብ 182,500 ብር ገደማ በዓመት ይቆጥባሉ፤ ልዩነቱ በሁለት ዓመት ተኩል ይመለሳል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ 40 ሊትር የሚቀዱ ከሆነ በዓመት 35 ጊዜ ያህል ከሰልፍ ይድናሉ፤ ለኮንትራት ሠራተኛ ደግሞ የሰልፍ ሰዓት የገቢ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሐሳብዎ ትክክል ነው፤ የቀረው መኪናዋን መምረጥ ነው።

የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ 28 ሞጁሎችን (ትናንሽ ባትሪዎችን) በተከታታይ በማያያዝ የተሠራ ሲሆን ድምር ቮልቴጁ 201.6 ነው። ኮምፒዩተሩ ሞጁሎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ በ14 ጥንዶች ይከታተላቸዋል። መካኒክዎ መመርመሪያውን ሰክቶ መኪናዋ ቆማ የምታሳየውን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ቢልዎት አይቀበሉት። አብሮዎት ተቀምጦ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጡና ከዚያም ፍሬን ሲይዙ የአሥራ አራቱን ጥንዶች ቮልቴጅ ይመልከት። ጤነኛ ባትሪ ሲሆን ሁሉም አብረው ይወርዳሉ፣ አብረውም ይወጣሉ። አንደኛው ብቻ ሲረግጡ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚወድቅ፣ ሲሞላም ቀድሞ ዘሎ የሚወጣ ከሆነ ያ ጥንድ እየደከመ ነው። ሻጩ «አንዷን ሴል እቀይርልሃለሁ» ቢልዎት ሌሎቹም የእርሷ እኩዮች መሆናቸውን አይርሱ፤ አንዷን የቀየሩ ብዙ ሰዎች ከወራት በኋላ ለሌላዋ ተመልሰው ሲመጡ አይቻለሁ። ሙሉ ባትሪ ለመለወጥ የሚጠየቀውን ዋጋ መኪናዋን ከመግዛትዎ በፊት ከሁለት ቦታ ይጠይቁ፤ የደከመ ባትሪ ካገኙም ይህንኑ ዋጋ ከመኪናዋ ላይ ያስቀንሱ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አይመኑ፤ ወደኋላ የሚመልሱት አሉ። የመሪው መላጨት፣ የፔዳሎቹ መበላት፣ የሹፌሩ መቀመጫ መስመጥ ከቆጣሪው የተሻለ ይናገራሉ። የሞተር ክዳኑን ከፍተው ደግሞ የኢንቨርተሩን የማቀዝቀዣ ውኃ ማጠራቀሚያ ይመልከቱ። ከሞተሩ ራዲያተር የተለየ፣ የራሱ ትንሽ ፓምፕ ያለው ነው። መኪናዋ በርታ ውኃው በማጠራቀሚያው ውስጥ ሲናወጥ መታየት አለበት፤ ዝም ብሎ ከተኛ ፓምፑ አይሠራም ማለት ሊሆን ስለሚችል ሳይጣራ ገንዘብ አይክፈሉ።

አሁን የምነግርዎት ለአዳማ ሰው በተለይ የሚያስፈልግ ነው። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ የሚቀዘቅዘው ከተሳፋሪው ክፍል በሚስበው አየር ነው፤ አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ በፕሪየስ ከኋላ መቀመጫው መደገፊያ ጎን ሲሆን በያሪስ ከመቀመጫው በታች ነው። የከተማችን አቧራና ነፋስ የታወቀ ነው፤ እርስዎ ደግሞ መስኮት ከፍተው ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ሲያወጡና ሲያወርዱ ይውላሉ። አንድ ጊዜ «ባትሪው ሞቷል» ተብሎ ወደ ጋራዣችን የመጣ ፕሪየስ ማራገቢያውን ስፈታው ቅጠሎቹ በደቃቅ አቧራና በፀጉር ተሞልተው እንደ ሱፍ ጨርቅ ሆነው አገኘኋቸው፤ አየር የሚያልፍበት ክፍተት አልቀረም ነበር። አጸዳነው፣ ባትሪውም በቂ አየር አግኝቶ ቀዘቀዘ፣ ማስጠንቀቂያው ጠፋ፤ ባለቤቱም ለአዲስ ባትሪ ሊከፍል ያዘጋጀው ገንዘብ በኪሱ ቀረ። ሁሉም እንዲህ በቀላሉ አይድንም። ሙቀት የባትሪ ዋና ጠላት ስለሆነ ማራገቢያው ታፍኖ ለወራት የተነዳች መኪና የደረሰባት ጉዳት በጽዳት አይመለስም።

ስለዚህ ለመግዛት ሲሄዱ ትንሽ ካቻቪቴ ይዘው ይሂዱ፤ የዚያን ቀዳዳ ክዳን አስፈትተው የውስጡን ሁኔታ በዓይንዎ ይዩ። ከገዙ በኋላ ቀዳዳውን በሻንጣም ሆነ በልብስ አይሸፍኑት፣ የኋላ ተሳፋሪ ዕቃውን እዚያ ላይ እንዳያደርግ ይንገሩት፣ ከቀትር በኋላ ባለው ሙቀት መስኮቱን ዘግተው ኤሲ ቢያሠሩ ለባትሪውም ቀዝቃዛ አየር ይደርሰዋል። ማራገቢያውን በየስድስት ወሩ፣ ከበጋው ነፋስ በኋላ ደግሞ ሳይዘገዩ ያስጠርጉ፤ ሥራው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።